ኮምፕሬሽን ሬሾ ምንድን ነው? (ግፊት አይደለም፣ በናታችሁ)

16 ባር አይደለም (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። 18 ባርም አይደለም። እዚህ ነገር ውስጥ ባር የሚባል ጭራሽ የለም።

ይሄን የምለው የ2026 የፎርሙላ ዋን ሞተር ወሬ ከተጀመረ ወዲህ ጋራዡ ደጃፍ ሻይ የሚጠጣው ልጅ ሁሉ «መርሴዲስ በ18 ግፊት እየነዳ ሌላው በ16 ይሮጣል» ሲል ስለሰለቸኝ ነው። አንዱማ ጭራሽ «ቱርቦውን ከፍ ሲያደርጉት ሬሾው ይወጣል፣ ኤፍአይኤ (ውድድሩን የሚመራው አካል) ደግሞ ቱርቦው ሳይዞር ነው የሚለካው፣ በሱ ነው የሚሸውዱት» ብሎ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ ሰማሁት፣ የከበቡት ሰዎችም አመኑት። እኔ እዚሁ አዳማ ሞተር ማውረድና መግጠም ነው ስራዬ፣ አይሱዙም ሲኖትራክም ቪትዝም የመጣውን፣ ስለዚ ባጭሩ፣ ፒስቶን ሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ነው፣ ቫልቮላ ደግሞ የሲሊንደሩ መግቢያና መውጫ በር ነው፣ ከዚህ በላይ አላደክማችሁም።

ሬሾ ቦታ ነው። ፒስቶኑ ታች ሲወርድ ከሱ በላይ ያለውን ቦታ፣ ጫፍ ሲደርስ ለሚቀረው ቦታ ታካፍለዋለህ፣ የሚመጣው ቁጥር ሬሾ ነው፣ በቃ። ሞተሩ ጠፍቶ ይለካል፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም ይለካል። ፒስቶኑን ጫፍ ታደርሰዋለህ፣ ቫልቮላዎቹ መዘጋታቸውን ታረጋግጣለህ፣ በካንዴላው (እሳት በሚፈነጥቀው) ቀዳዳ በስሪንጅ ቀጭን ዘይት ቀስ እያልክ ትሞላለህ፣ አረፋ እንዳይቀር ሞተሩን ትንሽ ዘንበል ታደርገዋለህ፣ ከዛ ስንት ሲሲ እንደገባ ታነባለህ። ጌጅ የለም፣ ሞተር ማስነሳት የለም። የባር ጥያቄ የት ጋ ይገባል?

ሰርግ ቤት አስቡ። ግቢው ውስጥ ትልቅ ድንኳን ተጥሏል፣ ድንገት ዶፍ ወረደና ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጓዳ ግባ ተባለ። ድንኳኑ የጓዳው 16 እጥፍ ከሆነ ሬሾው 16 ለ 1 ነው። 50 ሰው ቢመጣም 16 ነው፣ 500 ቢመጣም 16 ነው፣ ሰርጉ ቀርቶ ማንም ባይመጣም 16 ነው። ጓዳው ውስጥ መተንፈስ አቃተን የሚያስብለው ነገር ነው ግፊት ማለት፣ እሱ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ መጀመሪያ ስንት ሰው ነበር በሚለው ይወሰናል። ቱርቦ ስራው ከመንገድ ላይ ሰው እየጎተተ ድንኳኑን መሙላት ነው፣ ጓዳውን በአንድ ስንዝር አያጠብበውም። ፋሻው (ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት) ያለቀ ሞተር ደግሞ ጓዳው የኋላ በር አለው ማለት ነው፣ ሰዉ ሲጨናነቅ በዛ ሹልክ ይላል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጓዳው ግን ያው ጓዳ ነው። ሌላም አለ፣ የታፈገ ሰው ይሞቀዋል አይደል፣ አየርም ሲታመቅ ይሞቃል፣ ለዛ ነው ቦታው 16 እጥፍ ሲያንስ ግፊቱ ከ16 እጥፍ በጣም የሚበልጠው። ሬሾው 18 የሆነ ጤነኛ የናፍጣ ሞተር ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትለካው ጌጁ ከ25 ባር በላይ ያሳያል። ሁለቱ አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ 18 ላይ ይቆም ነበር።

ጅቡቲን ካነሳሁ አይቀር ይሄን ልበል፣ ፎርሙላ ዋን ባይሆንም። አዳማ ከባህር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከወደቡ በ18 በመቶ አካባቢ ያንሳል። ስለዚ ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ያው ሬሾ፣ ወደብ ላይ ጌጁ 180 ፒኤስአይ (ይሄም የግፊት መለኪያ ነው) ያሳየ የቤንዚን ሞተር እዚህ 150 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ድንኳኑ ውስጥ የገባው ሰው አነሰ እንጂ ጓዳው አልሰፋም። የፋብሪካውን መፅሀፍ ይዞ «ሞተርህ ሞቷል፣ ይውረድ» የሚል ሜካኒክ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩልኝ በሉት፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ። እነዚህ ሳይሟሉ የተነበበ ቁጥር ቁጥር አይደለም።

ውድድሩም ላይ ይሄው ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሚነዱት ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አያንስም፣ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦው ከሌላው ቦታ በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል። ሬሾው ግን ሞናኮም ሜክሲኮም አንድ ነው፣ ብረቱን መንገድ ላይ ማን ይቀይረዋል?

አሁን ወደ ፀቡ። ከ2014 እስከ 2025 ህጉ የፈቀደው ጣሪያ 18 ለ 1 ነበር፣ ለ2026 ወደ 16 ለ 1 ወረደ። ሞተሩ 1.6 ሊትር ቪ6 ነው፣ የሲሊንደሩ ስፋት 80 ሚሊሜትር። እስቲ እናስላው። አንዱ ሲሊንደር 267 ሲሲ ገደማ ይጠርጋል። ሬሾው 16 ሲሆን ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ 17.8 ሲሲ ነው፣ 18 ሲሆን 15.7 ሲሲ። ልዩነቱ 2 ሲሲ ነው፣ 80 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ስትዘረጋው ከፍታው 0.4 ሚሊሜትር ይሆናል። ይሄ ሁሉ ጩኸት ለግማሽ ሚሊሜትር ለማይሞላ ነገር ነው፣ ይሄን ስል ግን ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም፣ ጓዳው ራሱ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዷ ፀጉር የምታክል ክፍተት ዋጋ አላት።

ህጉ ግን ጣሪያውን ብቻ አልነበረም የፃፈው፣ እንዴት እንደሚለካም ፅፎ ነበር፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ በአካባቢው ሙቀት። ጥርጣሬው የመጣው ከዚህ ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ቀዝቅዞ 16 የሚያልፍ ሞተር ትራክ ላይ ሲግል ከዛ በላይ ይወጣል ተባለ፣ ጣት የተቀሰረው በዋናነት መርሴዲስ ላይ ነው፣ ተፎካካሪዎቹ ሞተሩ ሞቆ ይለካ ብለው ጠየቁ፣ መርሴዲስ ደግሞ ሞተራችን ህጋዊ ነው አለ። ሰዉ እዚህ ጋ ይዘልና «አጭበረበሩ» ይላል። ወንድሜ፣ ህጉ «ሲቀዘቅዝ 16» ካለ ሲቀዘቅዝ 16 የሆነ ሞተር ፈተናውን አልፏል። ህጉ ሲፃፍ ማሰብ ነበረባቸው ማለት ትችላለህ፣ እኔም እላለሁ፣ ግን እሱ ሌላ ክስ ነው፣ ተከሳሹም ሌላ ነው።

መቼና እንዴት ይለካል የሚለው ለውጥ እንዳለው ለማየት ከውድድር መኪናው ስር ያለውን ጣውላ ተመልከቱ። 10 ሚሊሜትር ሆኖ ይጀምራል፣ ከውድድር በኋላ ከ9 ካነሰ ውጤትህ ተሰረዘ፣ በ2025 ላስ ቬጋስ ላይ የማክላረን ነጂዎቹ ኖሪስም ፒያስትሪም በዚህ ወጥተዋል። ማንም «ጠዋት 10 ነበር» ብሎ አልተከራከረም፣ ምክንያቱም መቼ እንደሚለካ ግልፅ ነው። የፊት ክንፍ ደግሞ ቆሞ ነው የሚፈተነው፣ በ2025 100 ኪሎ ይጫንበትና ስንት እንደጎበጠ ይታይ ነበር፣ ባርሴሎና ላይ የሚፈቀደው ከ15 ወደ 10 ሚሊሜትር ወረደ፣ ክንፉ በ300 ኪሎሜትር ምን እንደሚሆን ግን ፈተናው ራሱ አይነግርህም። የሬሾው ጉዳይ ከክንፉ ጋር ነው የሚመደበው።

ደግሞ «ብረት ሲሞቅ ያድጋል፣ ስለዚ ሬሾው በራሱ ይወጣል» የሚል አለ፣ ይሄኛው ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ያድጋል፣ ግን ምኑ ነው የሚያድገው? አሉሚኒየም ከብረት እጥፍ ገደማ ያድጋል። 100 ሚሊሜትር የሚረዝም ብረት 100 ዲግሪ ቢጨምርበት 0.12 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ አሉሚኒየሙ 0.23። አሉሚኒየም ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት ዋናው አካል) ውስጥ የብረት ኮኔክቲንግ ሮድ (ፒስቶኑን የያዘው ዘንግ) ካለ፣ ሲሞቅ ብሎኩ ነው ቀድሞ ወደ ላይ የሚያድገው፣ የጓዳው ጣሪያ ከፍ አለ ማለት ነው፣ ሬሾው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ወደ ላይ እንዲሄድ ከተፈለገ ሆን ብሎ መንደፍ ያስፈልጋል፣ የትኛው እቃ ከምን ተሰርቶ የት ይቀመጣል የሚለውን ከመጀመሪያው ማሰብ። 0.4 ሚሊሜትርን በሙቀት ብቻ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም፣ ስለዚ ሙሉ 18 ደረሰ የሚለውን እኔ እጠራጠራለሁ፣ ከ16 ትንሽ ከፍ አለ ከተባለ ግን ያስኬዳል።

ጥቅሙስ? እዚህም ማጋነን አለ፣ «50 ፈረስ ጉልበት» የሚል ሰምቻለሁ። ከሬሾው የሞተሩን ብቃት የሚያወጣውን ቀመር ብታሰሉት ከ16 ወደ 18 መሄድ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው የሚሰጠው። የ2026 ሞተር ከነዳጁ የሚያወጣው 400 ኪሎዋት አካባቢ ነው፣ የቀረው ከባትሪ የሚመጣ ስለሆነ ሬሾ አይነካውም። ስለዚ 10 ኪሎዋት፣ 13 ፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ያውም 18 ሙሉውን ከደረሰ። በሰአት የሚገባው የነዳጅ ሀይል በህግ ስለተገደበ ግን ሌላው ቡድን ነዳጅ ጨምሮ ሊያካክሰው አይችልም፣ ለዛ ነው 13 ፈረስ የሚያጣላቸው።

አሁን ደግሞ የፈራሁት መጣ፣ ባለፈው አንድ ልጅ ቪትዙን ይዞ «ቴስታታውን አስልግልኝና ሬሾው ይጨምር» አለኝ። ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ነው፣ መላግ ደግሞ ከስሩ ትንሽ ብረት መላጥ፣ የጓዳው ጣሪያ ዝቅ ይላል ማለት ነው። የሱ ሞተር ሬሾው 10.5 ነው፣ አንዱ ሲሊንደር 333 ሲሲ፣ ጫፍ ላይ የሚተርፈው 35 ሲሲ። ግማሽ ሚሊሜትር ብትልገው 11 ይደርሳል፣ በዚህ ሙቀት፣ እዚህ በሚቀዳው ቤንዚን፣ ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ሲጎትት ቤንዚኑ ያለጊዜው እየነደደ ማንኳኳት ይጀምራል፣ ከዛ ፒስቶን ትገዛለህ። ሞተሩ ሞቆበት ቴስታታው የጠመመበት ሰው ግን ሳይፈልገውም ያስልጋል፣ እንደዛ ከሆነ ስንት እንደተነሳ በሚሊሜትር ንገሩኝ በሉ፣ በዛው ልክ ወፍራም ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ፈልጉለት፣ ቶርኖ ቤቱ «ትንሽ ናት» ብቻ ካላችሁ እዛው ፊታችሁ በካሊፐር ይለካላችሁ።