ቢልቦርድ ሆት 100 ምንድን ነው? እዛ አንደኛ የሆነ ዘፈንስ ለምን አውሮፓ ላይ ሁሌ አይሰራም?

አሁንስ በዛ። አቤል (ዘ ዊኬንድ) አንድ ዘፈኑ ከፍ ባለ ቁጥር «የዓለም ቁጥር 1 ሆነ!» ይባላል፣ ማስረጃ ተብሎ የሚለጠፈው ግን የቢልቦርድ ሆት 100 ስክሪንሾት ነው። ሆት 100 እኮ ቢልቦርድ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት በየሳምንቱ የሚያወጣው የአሜሪካ ቻርት (የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ) ነው፣ በፈረንጆቹ 1958 ሲጀመርም አሁንም የሚቆጥረው አሜሪካን ብቻ ነው። «ዘ ሂልስ» (መጨረሻው ላይ በአማርኛ የሚያዜምበት) በ2015 አሜሪካ አንደኛ ሲወጣ እንግሊዝ ላይ 3ኛ ነው የቆመው። «ብላይንዲንግ ላይትስ» ግን ሁለቱም ጋ አንደኛ ሆኗል።

እሱን ባልፈው እንኳ ከስር የሚመጣውን ኮሜንት ማለፍ አልቻልኩም። አንዱ «አሜሪካ አንደኛ የሆነ ዘፈን አውሮፓ ካልሰራ አውሮፓውያን ጆሯቸው ሌላ ነው፣ ካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) አይገባቸውም» ብሎ ደመደመ፣ ሰውም ላይክ አዘነበለት። ወንድሜ፣ ሁለቱ ቻርቶች አንድ ነገር ቢቆጥሩ ኖሮ እሺ ጆሮ እናወዳድር ነበር፣ ግን አንድ ነገር አይቆጥሩም! አሜሪካኖቹ ስትሪሚንግ (ሰው ኢንተርኔት ላይ መርጦ የሚሰማውን)፣ ሽያጭ እና ሬዲዮ ይደምራሉ። የእንግሊዙ ዋና ቻርት ሬዲዮን ጨርሶ አያስገባም።

ሬዲዮ ላይ ሙዚቃ ስለምመርጥ ይሄ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰርግ ስትጠራ የቀረበልህን ትበላለህ፣ ምግብ ቤት ስትገባ ግን የፈለግከውን ታዛለህ። ስትሪሚንግ ምግብ ቤቱ ነው፣ ሬዲዮ ሰርጉ። የአሜሪካው ቻርት ያዘዘውንም የቀረበለትንም ሰው አንድ ላይ ይቆጥራል፣ የእንግሊዙ ያዘዘውን ብቻ። ደጋሹ ደግሞ (የጣቢያው ሙዚቃ ኃላፊ ማለቴ ነው) ዋና ጭንቀቱ እንግዳው በጣም የሚወደውን ማቅረብ ሳይሆን ማንም ተነስቶ እንዳይወጣበት ነው፣ አድማጭ ጣቢያ ከቀየረ ማስታወቂያውም ሄደ ማለት ነዋ። ስለዚህ የተለመደ፣ ማንንም የማያስቀይም ዘፈን ለወራት ይደጋገማል፣ ምግብ ቤት ሰው ማዘዝ ያቆመው ምግብ ሰርጉ ላይ ገና እየቀረበ ነው። አሜሪካ ላይ ዘፈን ቻርት ላይ ተጣብቆ የሚከርምበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እንግሊዞቹ በተቃራኒው ከ2017 ጀምሮ የቆየና እየወረደ ያለ ዘፈን ስትሪሙ በግማሽ እንዲቆጠር አድርገዋል፣ ማለትም የቆየውን ሆን ብለው ይገፉታል።

ሌላው ነገር አሜሪካ ሰርጉ በየዘመዱ ነው። ጣቢያው ወይ ካንትሪ ነው፣ ወይ ፖፕ፣ ወይ ሂፕ ሆፕና አርኤንድቢ፣ እና የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ድርጅት በአገር ደረጃ ስንት ጣቢያ መያዝ እንደሚችል የነበረውን ገደብ ካነሳ በኋላ ክሊር ቻነል የተባለው ድርጅት ብቻውን 1,200 ገደማ ጣቢያ ሰብስቦ ነበር። አንድ ደጋሽ ያን ሁሉ ድግስ ሲይዝ ወጡ መመሳሰሉ አይቀርም። አውሮፓ ውስጥ ለካንትሪ እንደዚህ አይነት የጣቢያ መረብ የለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ካላልኩ ግማሽ እውነት ይሆናል። የካንትሪ ዘፋኙ የሞርጋን ዋለን «ላስት ናይት» በ2023 አሜሪካ ለ16 ሳምንት አንደኛ ነበር፣ እንግሊዝ ግን ምርጥ አስር ውስጥ እንኳን አልገባም፣ ያንን ደግሞ «ሬዲዮ ነው ያነሳው» ማለት አይቻልም ምክንያቱም ስትሪሚንጉም ከባድ ነበር። ሰው አዝዞታል። ግን ለዓመታት ሰርግ ላይ የለመደውን ወጥ ነው ምግብ ቤት ገብቶ የሚያዘው፣ አውሮፓዊው ያ ወጥ ቀርቦለት አያውቅም። በዛ ላይ የሻቡዚ «ኤ ባር ሶንግ» በ2024 አሜሪካን ለ19 ሳምንት ሲይዝ አውሮፓም በደንብ ሰርቷል፣ እሱም ካንትሪ ነው። እና ካንትሪ አይገባቸውም የሚለው የት ገባ?



የቻርት ሕግ ታሪክን እንዴት እንደሚያዛባ ከ«ዶንት ስፒክ» የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ኖ ዳውት የተባለው የአሜሪካ ባንድ ዘፈን ነው፣ በ1997 እንግሊዝ ላይ አንደኛ ወጣ። ሆት 100 ላይ ፈልጉት፣ የለም። ዝቅ ብሎ አይደለም፣ ጭራሽ የለም! የዛን ጊዜ ሕጉ ዘፈኑ ለብቻው በሲንግል ካልተሸጠ አይቆጠርም ይል ነበር፣ ኩባንያው ደግሞ ሰው አልበሙን እንዲገዛ ብሎ አሜሪካ ላይ ሲንግሉን አላወጣም። የአሜሪካ ሬዲዮ ቻርት ላይ ግን 16 ሳምንት አንደኛ ነበር። ሕጉ በ1998 መጨረሻ ተቀየረ። ሆት 100ን ብቻ የሚያይ ሰው «አውሮፓ ሰርቶ አሜሪካ የወደቀ ዘፈን» ይለዋል፣ አገሩ በሙሉ ሲሰማው የከረመውን!

አሁንም እንደዛው ነው። በ2022 ኖቬምበር ላይ ቴይለር ስዊፍት የሆት 100ን ከ1 እስከ 10 ብቻዋን ያዘችው፣ እንግሊዝ ላይ ግን አንድ አርቲስት በዋና ዘፋኝነት ከሶስት ዘፈን በላይ በአንድ ሳምንት አይገባለትም፣ በ2017 ኤድ ሺራን ቻርቱን ካጥለቀለቀው በኋላ የወጣ ሕግ ነው። ስለዚህ የቀሩት ሰባቱ እንግሊዝ ቻርት ላይ መታጣታቸው ስለሕዝቡ ጆሮ የሚነግረን ነገር የለም።

ደግሞ «አውሮፓ» የሚባል አንድ ገበያ የለም። ፈረንሳይ ሬዲዮዎቿ ከሚያጫውቱት ዘፈን 40 በመቶው የፈረንሳይኛ እንዲሆን ከ1996 ጀምሮ በሕግ ታስገድዳለች። ጀርመን ከ2007 ጀምሮ ደረጃ የምታወጣው በተሸጠው ብዛት ሳይሆን በገባው ገንዘብ ነው።

የዓለም ቁጥር አንድ ማለት የፈለገ ሰው ቢልቦርድ በ2020 የጀመረውን ግሎባል 200 ይለጥፍ፣ ከ200 በላይ አገርና ግዛት ይሰበስባል፣ ሬዲዮ የለበትም፣ አሜሪካን አውጥቶ የሚቆጥር ሁለተኛ ቻርትም አለው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ነው። እዛም ላይ ግን የተከፈለበት ስትሪም ከነጻው የበለጠ ይመዝናል፣ ስለዚህ ሰው ከፍሎ የሚሰማበት አገር ድምፁ ከሌላው ይበልጣል።