ዋርበርግ ያላለው ነገር፦ ስለ ምግብና ካንሰር የሚነገሩ ስህተቶች

በካንሰር ሕክምና ክፍል በሥነ ምግብ ባለሙያነት ስሠራ ከታማሚ ቤተሰብ ጋር የማደርገው ውይይት ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በስልክ ላይ በመጣ መልእክት ነው። ቃሉ ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኦቶ ዋርበርግ የካንሰርን መንስኤ በማግኘቱ የኖቤል ሽልማት ተሸለመ፤ ካንሰር በአልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ በሆነ፣ ሰውነት ውስጥ መኖር አይችልም፤ ስለዚህ ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ጠጡ። መልእክቱ ሰልችቶኛል፤ ያስቆጣኛልም። ይህን አምነው ሕክምናቸውን ያቋረጡ ሰዎች አውቃለሁ።

“ዋርበርግ ኖቤል ያገኘው በካንሰር ነው።”

አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1931 የሕክምና ኖቤል የተሰጠው፣ ሕዋሳት በኦክስጅን ለመጠቀም የሚያስፈልጋቸውን ኢንዛይም ባሕርይና አሠራር ስላገኘ ነው። የካንሰር ምርምሩ ሌላ ነው፤ እሱም ቢሆን ትልቅ ሥራ ነው። በ1920ዎቹ በበርሊን ባደረገው ምርምር የዕጢ ሕዋሳት በቂ ኦክስጅን እያላቸው እንኳ ግሉኮስን በብዛት እየወሰዱ፣ እርሾ ሊጥን እንደሚያቦካው አብላልተው ወደ ላክቲክ አሲድ እንደሚለውጡት አየ። ፔት ስካን የሚባለው ምርመራ ዛሬም የሚሠራው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ለታማሚው ጨረር አመንጪ የሆነ ግሉኮስ መሰል ንጥረ ነገር በመርፌ ይሰጠዋል፣ ዕጢው ከሌላው የሰውነት ክፍል አብልጦ ይሰበስበዋል፣ በምስሉም ላይ ጎልቶ ይታያል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ አሲዱን የሚያመርተው ዕጢው ራሱ ነው። መልእክቱ ግን መንስኤና ውጤትን ገልብጦ አሲዱን የዕጢው አባት ያደርገዋል።

ደምን በምግብ አልካላይን ማድረግም አይቻልም። የጤናማ ሰው ደም ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይንነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛው ነው) ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፤ ይኸውም ማንም ሳይነካው በመጠኑ አልካላይን ነው። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እያስወጣ፣ ኩላሊት ትርፍ አሲድን ወይም አሲድን የሚያረክሰውን ትርፍ ባይካርቦኔት በሽንት እያስወገደ በዚያ ጠባብ ልክ ያቆዩታል። በተመገብነው ምግብ ምክንያት የሚለዋወጠው ሽንታችን ነው። የመለኪያ ወረቀት ገዝተው በሽንታቸው እየነከሩ ቀለሙ ሲለወጥ የሚደሰቱ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ያዩት ነገር ኩላሊታቸው ሥራውን በትክክል መሥራቱን ብቻ ነው።

“ባይጠቅምም አይጎዳም” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ይጎዳል። በኬሞቴራፒ ምክንያት ሲያስመልሰው የሰነበተ ሰው የጨጓራ አሲዱንና ፖታሲየሙን አጥቷል። በዚህ ላይ በየቀኑ ቤኪንግ ሶዳ ሲጨመርበት ፖታሲየሙ ይበልጥ ይወርዳል፣ የልብ ምቱም ሊዛባ ይችላል። ሶዳው የሚያስገባው ሶዲየም ደግሞ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ሌላ አደጋ ነው።

ዋርበርግ ስለ መከላከል የተናገረው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በጀርመን ሊንዳው በኖቤል ተሸላሚዎች ጉባኤ ላይ፣ የካንሰር ዋነኛ መንስኤ የሕዋሱ የኦክስጅን አተነፋፈስ በስኳር መብላላት መተካቱ ነው አለ። ለመከላከያም ብረትን እንዲሁም የቢ ቫይታሚን ዓይነቶች የሆኑትን ሪቦፍላቪንንና ኒኮቲናማይድን የመሳሰሉ ለዚያ አተነፋፈስ የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮች ከምግብ ጋር እንዲሰጡ ሐሳብ አቀረበ። ሎሚና ሶዳ በዚህ ውስጥ የሉም። ያ የራሱ ሐሳብም አልጸናም። ካንሰር የሚነሣው የሕዋስን መባዛት በሚቆጣጠሩ ጂኖች ላይ በሚደርስ ጉዳት መሆኑን ከእሱ በኋላ የመጣው ምርምር አሳይቷል፤ በብዙ ዕጢዎች ውስጥም የኦክስጅን አተነፋፈሱ እንዳለ እንደሚሠራ ታውቋል። ታላቅ ሳይንቲስት በአንዱ ጉዳይ ትክክል ሆኖ በሌላው ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ስሙን ብቻ ጠርታችሁ አታሳምኑኝ።

አንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ አስታውሳለሁ። ዕጢው ገና ትንሽ ነበር፣ ቀዶ ሕክምናም ተቀጥሮላት ነበር። ዘመዶቿ “መጀመሪያ ይህን እንሞክር” ብለው ከፋሲካ እስከ መስቀል ሎሚና ሶዳ አጠጧት። ስትመለስ ዕጢው ቆዳዋን ሰንጥቆ ወጥቶ፣ ወደ ሳንባዋም ተሠራጭቶ ነበር። እነዚያ ዘመዶች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይወዷት ነበር። ለዚህም ነው ነገሩን በዝምታ ማለፍ የማልችለው።

“ስኳር ካንሰርን ስለሚመግብ ታማሚው ጣፋጭ አይቅመስ።”

ግሉኮስ ዕጢውን ብቻ ሳይሆን አንጎልን፣ ጡንቻንና ደምን ሁሉ ይመግባል። ሰውየው ባይበላ ጉበቱ ከጡንቻው ፕሮቲን ግሉኮስ ይሠራል፤ ዕጢው ድርሻውን አያጣም፣ የሚከሳው ሰውየው ነው። ልጆቻቸው እንጀራ፣ ሙዝና ማር ከልክለዋቸው በተቀቀለ ጎመን ብቻ የሰነበቱ አባት መጥተውልን ነበር። ክብደታቸው በጣም በመውረዱ ሐኪማቸው ኬሞቴራፒውን ለማዘግየት ተገደደ። በሕክምና ላይ ላለ ሰው እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ የምስር ወጥ፣ አጥሚት፣ የቻለውንና የጣመውን ስጡት፤ ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ጤነኛው ሰው ግን የለስላሳ መጠጥ ልማዱን ቢተው መልካም ነው። ትርፍ ስኳር ያወፍራል፤ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ደግሞ ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር መያያዙን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 አሳውቋል።

“ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና ማር ያድናሉ።” ለወጥና ለዳቦ ግሩም ናቸው፤ ካንሰርን አያድኑም።

“የቫይታሚን እንክብል ካንሰርን ይከላከላል።”

ከአሜሪካና ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚመጣው እንክብል ብዙ ነው፤ ላኪዎቹ ለወላጆቻቸው አስበው ነው። በፊንላንድ ከ29 ሺሕ በላይ ወንድ አጫሾች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ጥናት ግን ቤታ ካሮቲን (በካሮት ውስጥ የሚገኝ፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር) በእንክብል በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ አገኘ። በአሜሪካ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት በ1996 ከጊዜው በፊት የተቋረጠው እንዲሁ ጉዳት ስለታየ ነው። ካሮቱን ብሉት፤ የምታጨሱ ከሆነ እንክብሉን ተዉት፣ ሲጋራውንም ጭምር።

“ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው፤ የእኛ ምግብ ይጠብቀናል።”

ይህ አባባል ከእውነት የወሰደው ቁራጭ አለው። በዩጋንዳ ለዓመታት የሠራው አየርላንዳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ የአንጀት ካንሰር በአፍሪካ ገጠር ጥቂት መሆኑን አይቶ ምክንያቱ በምግብ ውስጥ ያለው ፋይበር፣ ማለትም በሆድ ውስጥ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል፣ ሳይሆን አይቀርም አለ። በኋላ የተደረጉ ትልልቅ ጥናቶችም ያልተፈተገ እህልና ጥራጥሬ የትልቁን አንጀት ካንሰር አደጋ እንደሚቀንሱ ደግፈዋል። ስለዚህ የጤፍ እንጀራና ሽሮን አታቃሉ። ነገር ግን የማሕፀን በር ካንሰር የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ እሱን የሚከላከለው ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባትና ወቅታዊ ምርመራ እንጂ ጤፍ አይደለም።

ከማዕዳችንም የሚጎዳን አለ። በሻገተ ለውዝና በቆሎ ላይ የሚገኘው አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ተቆልቶም ተቀቅሎም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ስለዚህ የሻገተውን ለቅሞ መጣል ነው። ከአርሲና ከባሌ የሚመጡ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር ታማሚዎች ብዛት ደግሞ ሐኪሞችን ሲያሳስብ ቆይቷል፤ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ እንደ ጋለ የሚዋጥ ገንፎ ነው። ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥን የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው ካንሰር ሊያመጡ ከሚችሉት መካከል መድቦታል። ገንፎውን አታስቀሩት፤ ቅቤውና በርበሬው ገብቶ በጣት ሲነካ እስከማያቃጥል ድረስ ጠብቁት፣ ቡናውንና ሻዩንም እንዲሁ። የሚበላው ነገር በጉሮሮው አልወርድ እያለ የሚቸገር ሰው በቤታችሁ ካለ ደግሞ ሎሚ ከመጭመቃችሁ በፊት በዚሁ ሳምንት ወደ ሐኪም ውሰዱት።