የበርንስ ጎጆ፦ የአሎዌይ የሣር ክዳን ቤት

በደቡብ ምዕራብ ስኮትላንድ፣ ከኤይር ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው አሎዌይ፣ ነጭ የተቀባ ረጅምና ዝቅ ያለ የሣር ክዳን ቤት መንገድ ዳር ቆሟል። ስኮትላንዳውያን ብሔራዊ ባለቅኔያችን የሚሉት ሮበርት በርንስ ጃንዋሪ 25 ቀን 1759 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለደው እዚህ ነው።

ቤቱን የሠራው አባቱ ዊልያም በ1757 ነው። ዊልያም አትክልተኛ ነበር፤ ሰባት ኤከር ያህል መሬት ተከራይቶ በገዛ እጁ የጭቃ ግድግዳ አቆመ፣ ጣራውን በሣር ከደነ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻም አግነስ ብራውንን አገባ። ወጥ ቤቱ የመኝታ ቤትም ነበር፤ አልጋው ግድግዳው ውስጥ የገባ ነው። ከዚያ ሻል ያለው ክፍል፣ ቀጥሎ የከብቶቹ ጋጣ፣ መጨረሻ ላይ ጎተራው ይከተላሉ። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር ማደራቸው ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ሕፃኑ በተወለደ በቀናት ውስጥ ማዕበል የቤቱን አንድ ጫፍ ደርምሶት እናትና ልጅ ወደ ጎረቤት ተወሰዱ ይባላል። በርንስ ራሱ የዚያን ሰሞን ነፋስ በግጥም አንስቶታልና ታሪኩን የሚጠራጠር ጥቂት ነው። ቤተሰቡ በ1766 ማውንት ኦሊፋንት ወደተባለ እርሻ ተዛወረ።

በ1781 ቤቱን የኤይር ጫማ ሠሪዎች ማኅበር ገዛው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን መጠጥ ቤት ሆነ፤ ባለቅኔው በ1796 ከሞተ ወዲህ ደግሞ አድናቂዎቹ ውስኪ እየጠጡ የሚዘክሩት መጠጥ ቤት። በ1818 የመጣው እንግሊዛዊ ገጣሚ ጆን ኪትስ በጠባቂው ማለቂያ የሌለው ወሬ ተማርሮ ሄዷል፤ እዚያው የጻፈውን ግጥምም አልወደደውም። በ1881 የበርንስ ሐውልት ባለአደራዎች ቤቱን ገዝተው ከመጠጥ ንግድ ገላገሉት። መመስገን ይገባቸዋል።

ቤቱ ከመጥፋት ለጥቂት የተረፈው ጁላይ 8 ቀን 1914 ነው። ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ ሁለት ሴቶች ፈንጂ ይዘው ሌሊት መጡ። ዘበኛው ደረሰባቸውና አንዷን ያዘ፤ ሌላዋ አመለጠች። የተያዘችው ፍራንሲስ ፓርከር የታዋቂው የብሪታንያ የጦር አዛዥ የሎርድ ኪችነር የእህት ልጅ ነበረች፤ ፍርድ ቤት የቀረበችው ግን ጃኔት አርተር በሚል ስም ነው። በእስር ቤት የረሃብ አድማ መትታ በግድ እንድትመገብ ተደረገ። በማግስቱ ወር ብሪታንያ ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትገባ የትግሉ እስረኞች ምሕረት አገኙ። ያመለጠችው ኤተል ሙርሄድ ሳትሆን አትቀርም።

ዛሬ ቤቱ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቅርስ ባለአደራ ድርጅት ነው። በ2010 በአቅራቢያው የተከፈተው ሙዚየም ባለቅኔው በእጁ የጻፋቸውን ጽሑፎች ጨምሮ ከ5,000 በላይ ቅርሶችን ይዟል። «ታም ኦሻንተር» የተሰኘው ግጥሙ ጠንቋዮችን ያስጨፈረባት ጣራ የለሽ የአሎዌይ ቤተ ክርስቲያንና የግጥሙ ባለታሪክ ታም ከእነሱ በፈረስ ያመለጠበት የዱን ወንዝ ድልድይም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። አባቱ ዊልያም የተቀበረው በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው።