በሕግና በውል ውስጥ «ትርጓሜ» ምንድን ነው?

በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅ ስንገልጥ አንቀጽ አንድ አጭር ርዕሱን ይነግረናል፤ ቀጥሎ አብዛኛውን ጊዜ «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ ይመጣል። ብዙ አንባቢ ይዘለዋል። አሠሪ፣ ሠራተኛ፣ ሰው ማለት ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? እኔ ግን ከአዋጅ ሁሉ አስቀድሜ የማነበው ይህንኑ አንቀጽ ነው።

ትርጓሜ ማለት ሕግ አውጪው ወይም ተዋዋዮቹ አንድ ቃል በዚያ ሰነድ ውስጥ ብቻ የሚኖረውን ፍቺ የሚወስኑበት ድንጋጌ ነው። መዝገበ ቃላት ቃሉ በሰው አንደበት እንዴት እንደሚሠራበት ይመዘግባል፤ የሕግ ትርጓሜ ግን ያዛል። በብዙ አዋጆቻችን «ሰው» ሲባል የተፈጥሮ ሰውና በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል ነው። እናም አክሲዮን ማኅበር ሰው ነው፤ በችሎት ይህን ሰምቶ የሚስቅ የለም።

አንዱን ቃል ቀረብ ብለን እንየው፦ ደመወዝ። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ በወር 8,000 ብር መደበኛ ክፍያና 6,000 ብር ኮሚሽን ያገኛል እንበል። ለቤቱ ደመወዙ 14,000 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ደመወዝን ሲተረጉም የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የውሎ አበልን፣ ጉርሻንና ኮሚሽንን በግልጽ ያስወጣል። የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በደመወዝ ስለሆነ መነሻው 8,000 ብር ብቻ ይሆናል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ ያንኑ ኮሚሽን «ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ» ውስጥ አስገብቶ ግብር ይጠይቅበታል። ሠራተኛው አንዱ ሕግ ሲሰጠው ያልቆጠረለትን ሌላው ሲወስድበት እንደቆጠረበት ይሰማዋል። ቅሬታው ይገባኛል፤ በሕግ ዓይን ግን ተቃርኖ የለም። ሁለቱም አዋጆች የተረጎሙት ለየራሳቸው ዓላማ ነው፤ የአንዱን ፍቺ ወስዶ በሌላው መከራከር አያዋጣም።

የትርጓሜው ማሰሪያ ግስም ልብ ሊባል ይገባል። «ማለት … ነው» ብሎ የተዘጋ ፍቺ ከተዘረዘረው ውጭ ያለውን አያስገባም። «… ይጨምራል» ያለው ግን በር ክፍት ይተዋል፤ የተጠቀሰው ምሳሌ ነው፣ ተመሳሳዩም ሊገባ ይችላል። ከዝርዝሩ በላይ ደግሞ «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» የሚል የተለመደ ሐረግ አለ። አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው ይህ ሐረግ ለዳኛ ትልቅ ሥልጣን ይሰጣል፤ ቃሉ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ከተተረጎመው የተለየ ነገር ለማለት እንደገባ ካመነ ፍቺውን ሊተወው ይችላል። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ከተለያዩ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የበላይነት ያለው አማርኛው ነው።

ትርጓሜ መብትን ራሱን የሚወስንበት ጊዜም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ «የሥራ መሪ» የሆነን ሰው ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። የሥራ መሪ ማን ነው? አዋጁ የሚመለከተው የማዕረግ ስምን ሳይሆን ሥልጣንን ነው፤ የድርጅቱን የአስተዳደር ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም፣ ሠራተኛ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማሰናበትና የመሳሰለውን። መታወቂያው ላይ «ማናጀር» ተጽፎለት ማንንም መቅጠርም ሆነ ማሰናበት የማይችል፣ ፖሊሲም የማያወጣ ሰው ሠራተኛ ነኝ ብሎ ለመከራከር መሠረት አለው።

ወደ ውል እንምጣ። የእኛ ውሎች ትርጓሜ የሚጀምሩት ገና ከመግቢያቸው ነው፦ «ከዚህ በኋላ ‹ሻጭ› እየተባለ የሚጠራ»። በእንግሊዝኛ ውል ትርጓሜ የተሰጠው ቃል በየገጹ በትልቅ ፊደል ስለሚጀምር ዓይን ይለየዋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ውል የሚያረቅ ሰው አንዴ «ቤቱ» ካለ እስከ መጨረሻው «ቤቱ» ማለት አለበት። ለጽሑፍ ውበት ሲል «ንብረቱ»፣ «ይዞታው»፣ «ግቢው» እያለ ከቀያየረ፣ ከዓመታት በኋላ ሰርቪስ ቤቱ ተሽጧል አልተሸጠም የሚል ክርክር ይነሳል።

ክፉው ልማድ ግን ግዴታን በትርጓሜ ውስጥ መሸሸግ ነው። «ርክክብ ማለት ገዢው ዕቃው በደረሰ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ እንደተቀበለ የሚቆጠርበት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ፍቺ መስሎ የገባ የጊዜ ገደብ ነው። ቦታው ስለ ርክክብ በሚደነግገው አንቀጽ ውስጥ ነበር።

ተዋዋዮቹ ሳይተረጉሙ የተዉትን አንዳንዱን ቃል ሕጉ ራሱ ይተረጉምላቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ምን እንደሆነ ከቁጥር 1792 ጀምሮ ያስቀምጣል፤ ባለዕዳው በተለመደው ሁኔታ ሊገምተው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። የጥሬ ዕቃ ዋጋ መናር፣ በግልጽ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ እዚያ ውስጥ አይገባም። ሲሚንቶ ወይም ብረት ተወደደብኝ የሚል ሥራ ተቋራጭ የዋጋ ለውጥን በውሉ ካላስገባ በዚህ ስም ከግዴታው አያመልጥም።

የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከዚያ ወጥቶ የተዋዋዮችን ፍላጎት እንዲፈልግ ቁጥር 1733 አይፈቅድለትም። ቃሉ አሻሚ ከሆነና ውሉን አንዱ ወገን ብቻ አዘጋጅቶ ሌላው «ፈርም ወይም ተወው» የተባለ ከሆነ ግን፣ ቁጥር 1738 ትርጉሙ ለፈራሚው እንዲያደላ ያዛል። የመድን ውሎች ገጽ በገጽ ትርጓሜ የሚደረድሩት በዚህም ምክንያት ይመስለኛል፤ «ጎርፍ» ወይም «ስርቆት» ምን እንደሆነ አስቀድሞ በዝርዝር የተጻፈ ከሆነ፣ ደንበኛው አሻሚ ነው ብሎ የሚይዘው ቃል አያገኝም።