ታካሚ ሐኪሙን ምን ያህል ያምናል? የእምነት መለኪያዎችና ሰሜን ሸዋ

ታካሚ በሐኪሙ ላይ ያለው እምነት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በመጠይቅ ነው። ቀደም ካሉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ የወጣው ባለ 11 ዓረፍተ ነገር መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የአሜሪካው ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ባለ 10 ዓረፍተ ነገር መለኪያ ታተመ። ታካሚው ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በፍጹም አልስማማም» ካሉት አምስት መልሶች አንዱን ይመርጣል፤ ድምሩ ከ10 እስከ 50 ይሆናል። ሐኪሙ ሙያውን ያውቃል? እውነቱን ይናገራል? ከራሱ ይልቅ የታካሚውን ጥቅም ያስቀድማል? ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

እምነትና እርካታ ይለያያሉ። እርካታ ያለፈውን መስተንግዶ ይመለከታል፣ እምነት ደግሞ የሚመጣውን። ወረፋ ያማረረው ሰው ሐኪሙን ከልቡ ሊያምን ይችላል።

መጠይቁን እንዳለ ሰሜን ሸዋ ማምጣት ግን አያዋጣም። ጥያቄው አንድ ቋሚ ሐኪም አለ ብሎ ይነሳል። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ሪፈር ተጽፎለት ደብረ ብርሃን የመጣ ሰው ዛሬ አንድ ሐኪም ቢያየው፣ በቀጠሮው ቀን ሌላ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ «ዛሬ ያዩዎት ሐኪም» ብሎ መጠየቅ፣ ስለ ሆስፒታሉ ደግሞ ለብቻው ማንሳት ይሻላል።

ይሉኝታም አለ። ካርዷንና የመድኃኒት ፌስታሏን ይዛ የምትወጣ እናት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ቢጠይቃት «እግዜር ያክብራቸው፣ ምን ይወጣላቸዋል!» ብላ መርቃ ታልፋለች። ይህ በነጥብ ሲሰላ ሙሉ ሊሆን ነው። ጠያቂው የተቋሙ ሠራተኛ ባይሆን፣ ጥያቄውም ከግቢው ወጣ ብሎ፣ ማንበብ ለማይችል በድምፅ ተነብቦ ቢቀርብ መልሱ ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የጠበሉ ጉዳይ ነው። ጻድቃኔ ማርያምን የመሰለ ደብር ባለበት አገር ኪኒንና ጠበል አብሮ የሚይዝ ሕመምተኛ ብዙ ነው። አንዳንዱ የደም ግፊት ሕመምተኛ ጠበል ሲገባ ኪኒኑን ያቆማል። ከዚያ በቀጠሮው ቀን ቁጣ ፈርቶ «በደንብ እየወሰድኩ ነው» ይላል። ሐኪሙም የደም ግፊቱ አለመውረዱን አይቶ መጠኑን ይጨምራል፣ ወይም ሌላ መድኃኒት ይደርባል። ሰውየው አዲሱን ትእዛዝ አንድ ቀን ሙሉውን ቢውጠው ግፊቱ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። በዚህ አካባቢ የሚዘጋጅ መለኪያ «ኪኒንዎን ቢያቋርጡ ለሐኪሙ ይነግሩታል?» የሚል ጥያቄ ሊጎድለው አይገባም።