ቢኤምአይ፦ ለጤናማ ክብደት ምን ያህል የሚታመን መለኪያ ነው?

ቢኤምአይ የአንድን ሰው ክብደት ከቁመቱ ጋር አገናዝቦ በአንድ ቁጥር የሚያስቀምጥ ስሌት ነው። ክብደት በኪሎ ይመዘናል፤ ቁመት በሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ ክብደቱ ለብዜቱ ይካፈላል። 72 ኪሎ የሚመዝንና ቁመቱ 1.68 ሜትር የሆነ ሰው ብንወስድ፣ 1.68 በ1.68 ሲባዛ 2.82 ይሆናል፤ 72 ለ2.82 ሲካፈል 25.5 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ባወጣው መደብ ከ18.5 በታች የክብደት ማነስ፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ጤናማ ክብደት፣ ከ25 እስከ 29.9 ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ውፍረቱም በሦስት ደረጃ ይከፈላል፤ ሁለተኛው ከ35፣ ሦስተኛው ከ40 ይጀምራል። በታችኛው በኩል ከ17 በታች መካከለኛ፣ ከ16 በታች ከባድ ክሳት ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል ለሚለው አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የብዙ ሰዎችን ሁኔታ ለማጥናትና ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል፤ በአንድ ሰው ጤና ላይ ብቻውን ፍርድ ለመስጠት ግን አይበቃም። ከ18.5 በታችና ከ35 በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። የሚያሳስተው መሃሉ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለውም እዚያው ነው።

ከየት መጣ?

ስሌቱን ያወጣው ሐኪም አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤልጅየማዊው አዶልፍ ኬትሌ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነበር፤ በ1830ዎቹ ይፈልግ የነበረውም «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል በቁጥር ማሳየት ነው። የአዋቂዎችን ልኬት ሰብስቦ ሲያይ ክብደት የሚጨምረው ከቁመት ካሬ ጋር ተመጣጥኖ እንደሆነ አስተዋለ። ማን ታሟል፣ ማን ጤነኛ ነው የሚለው ጥያቄው አልነበረም።

በ1972 አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ አንሴል ኪስና ባልደረቦቹ በአምስት አገሮች የሚኖሩ ከ7,400 በላይ ወንዶችን ልኬት ይዘው፣ በክብደትና በቁመት የሚሠሩ የተለያዩ ስሌቶችን ከቆዳ እጥፋት ውፍረት ጋር፣ በከፊሎቹም ላይ ከሰውነት እፍጋት ጋር አነጻጸሩ። የኬትሌ ስሌት ከሌሎቹ በጥቂቱ የተሻለ ሆኖ አገኙት፤ ዛሬ የሚጠራበትንም ስም ሰጡት። በዚያ ጥናት ሴቶች አልነበሩበትም።

የመደቦቹ ወሰንም ከተፈጥሮ የተገኘ መስመር አይደለም። በአሜሪካ እስከ 1998 ድረስ ከመጠን ያለፈ ክብደት የሚባለው ለወንዶች 27.8፣ ለሴቶች 27.3 ሲደርስ ነበር። በዚያ ዓመት ወሰኑ ለሁለቱም ወደ 25 ሲወርድ፣ ማታ በጤናማው መደብ ውስጥ ሆነው የተኙ ሚሊዮኖች ግማሽ ኪሎ እንኳ ሳይጨምሩ በማግስቱ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ተባሉ። ስለዚህ 24.8 የሆነውን ሰው «ደህና ነህ»፣ 25.2 የሆነውን «አደጋ ላይ ነህ» ብሎ መሸኘት ትክክል አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው የጤና ልዩነት ከምንም አይቆጠርም።

ከስሌቱ በፊት ልኬቱ

ብዙ ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ባለ 72 ኪሎውን ሰው እንመልሰው። ጫማውን ሳያወልቅ ቢለካና ቁመቱ 1.70 ተብሎ ቢጻፍ ቁጥሩ 24.9 ይሆንና ጤናማ ይባላል። ቁመቱ በትክክል ተለክቶ ከክብደቱ ውስጥ 2 ኪሎው የካፖርትና የጫማ ከሆነ ደግሞ እውነተኛው ቁጥር 24.8 ነው። አንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በሁለት መደብ ይመዘገባል ማለት ነው። ቁመት በራሱ ስለሚባዛ የቁመት ስሕተት እጥፍ ሆኖ ይገባል፤ ቁመት በመቶ አንድ ቢሳሳት ውጤቱ በመቶ ሁለት ያህል ይሳሳታል።

ቁመት ሲለካ ጫማም ሆነ የራስ መሸፈኛ ይወልቃል፤ ወደ ላይ የተሰበሰበ ጸጉር ይፈታል። ተረከዞች ተጋጥመው ግድግዳውን ይነካሉ፤ ጉልበት ይዘረጋል፤ ትከሻ ይላላል። አገጭ ወደ ላይ መነሳት የለበትም፤ የዓይን ጎድጓዳ የታችኛው ጠርዝና የጆሮ ቀዳዳ በአንድ አግድም መስመር ላይ ሲሆኑ ራስ ትክክለኛ ቦታውን ያዘ ይባላል። ጠፍጣፋው ሳንቃ ጸጉሩን ተጭኖ አናት ላይ ያርፋል፤ ንባቡም ሳንቃው ባለበት ከፍታ በዓይን ትክክል ይወሰዳል። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ሳይቆምበት ዜሮ ማንበቡ ይታያል። ተመዛኙ በስስ ልብስ፣ ሽንት ቤት ደርሶ ቢመዘን ይመረጣል። ክብደትን በየጊዜው ለመከታተል በአንድ ሚዛንና በተመሳሳይ ሰዓት መመዘን ይገባል፤ ጠዋትና ማታ ብቻ የ1 ኪሎ ልዩነት ሊያመጡ ይችላሉና።

ቁመትና ክብደት በቃል ተጠይቆ የሚሞላ ከሆነ ውጤቱ ወደ ታች ያደላል። ሰዎች ቁመታቸውን ትንሽ ከፍ፣ ክብደታቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው መናገር ይቀናቸዋልና።

ቁጥሩ የማያየው

ሚዛን ጡንቻን ከስብ፣ ስብን ከውሃ አይለይም። ሁለት ሰዎች ሁለቱም 1.75 ሜትር፣ ሁለቱም 92 ኪሎ ናቸው እንበል። የሁለቱም ቢኤምአይ 30 ነው፤ ሁለቱም «ከመጠን ያለፈ ውፍረት» ተብለው ይመዘገባሉ። የአንደኛው ወገብ 84 ሳንቲ ሜትር፣ የሁለተኛው 106 ነው። የመጀመሪያው ለዓመታት ክብደት በማንሳት የገነባው ጡንቻ ነው ሚዛኑን ያስጨነቀው፤ ሁለተኛው ስቡን ሆዱ ውስጥ ተሸክሟል። በሕክምና ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

ቢኤምአይን የሚተቹ ሁሉ የስፖርተኛውን ምሳሌ ይጠቅሳሉ። ይሁንና የከፋው ስሕተት በተቃራኒው በኩል ያለው ነው። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ 30ን ወሰን ብናደርግ ከወሰኑ በላይ ያሉት አብዛኞቹ በእርግጥ የስብ ብዛት ያለባቸው ናቸው፤ የስብ ብዛት ካለባቸው ሰዎች ግን ግማሽ ያህሉ ከወሰኑ በታች ሆነው ያመልጣሉ። 1.60 ሜትር ቁመትና 60 ኪሎ ክብደት ያለው ሰው ቢኤምአዩ 23.4 ነው፤ ወገቡ 86 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ስኳሩና የጉበቱ ሁኔታ መታየት አለበት። «ጤናማ ክብደት» የሚለው ቃል እንዲህ ያለውን ሰው ሳይመረመር ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ላይ ነው።

ስቡ የት ተቀመጠ የሚለው ምን ያህል ነው ከሚለው አይተናነስም። ከቆዳ በታች፣ በተለይ ዳሌና ጭን ላይ የሚቀመጥ ስብ በአንጻሩ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። በሆድ ዕቃ ዙሪያና በጉበት ውስጥ የሚጠራቀመው ግን ኢንሱሊን ሥራውን በሚገባ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ ከሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው።

ጾታና ዕድሜም ትርጉሙን ይለውጡታል። በእኩል ቢኤምአይ ሴቶች ከወንዶች የበለጠ ስብ አላቸው፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከሰውነት ክብደት ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ሰው ሲያረጅ ጡንቻው ይመነምናል፣ ስቡ ቦታውን ይወስዳል፣ ሚዛኑ ግን ያው ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ቁመት ያጥራል። በጉልምስናው 1.66 የነበረና 66 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቁጥሩ 24 ነበር፤ በእርጅና 1.60 ሲሆን በዚያው ክብደት 25.8 ይሆናል፤ ወፍሮ ሳይሆን አከርካሪው አጥሮ።

የዘር ሐረግም ልዩነት ያመጣል። ብዙ የእስያ ሕዝቦች ከአውሮፓውያን ባነሰ ቢኤምአይ ለስኳር በሽታ ይጋለጣሉ፤ በዚህ ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ በ2004 ለእነርሱ 23 እና 27.5 ተጨማሪ የጥንቃቄ ነጥቦች እንዲሆኑ ሐሳብ አቅርቧል። በአንጻሩ ረጅም እግርና አጭር ደረት ያላቸው ሰዎች ያለ ምንም ረሃብና ሕመም ከ18.5 በታች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እግር ለርዝመቱ ክብደቱ አነስተኛ ነውና።

ስሌቱ ራሱ በጣም ረጅሞችንና በጣም አጭሮችን በትክክል አያስተናግድም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ኒክ ትሬፈዘን በ2013 ክብደት ለቁመት 2.5 ርቢ ተካፍሎ በ1.3 ይባዛ የሚል አማራጭ አቅርቦ ነበር። ቁመቱ 1.69 ለሆነ ሰው ሁለቱ ስሌቶች አንድ ውጤት ይሰጣሉ። 1.90 ለሚረዝም ግን 26 የነበረው 24.5 ይሆናል፤ 1.50 ለሆነ 24 የነበረው 25.5 ይሆናል። አማራጩ በሕክምና ሥራ ላይ አልዋለም፤ ስሌቱ በየትኛው ጫፍ ወደየት እንደሚያደላ ግን በግልጽ ያሳያል።

ጭራሽ የማይሠራባቸውም አሉ። በልብ፣ በኩላሊት ወይም በጉበት ሕመም ውሃ የቋጠረ ሰው ሚዛን ላይ የሚታየው ውሃው ጭምር ነው። ለነፍሰ ጡር የሚያገለግለው ከእርግዝና በፊት የነበረው ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም ምን ያህል ኪሎ መጨመር እንዳለባት ለመወሰን ይረዳል። የአሜሪካው የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2009 ባወጣው መመሪያ አንድ ልጅ ያረገዘች፣ ከዚያ በፊት ጤናማ ክብደት የነበራት ሴት ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ፣ ከ30 በላይ የነበረች ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይመከራል። አካል ለተቆረጠ ሰው የጎደለው ክፍል ድርሻ ይታሰባል፤ ሙሉ እግር ከሰውነት ክብደት 16 በመቶ ያህል ነው። አንድ እግሩን ያጣ 63 ኪሎ ሰው ክብደቱ ለ0.84 ተካፍሎ 75 ኪሎ ተብሎ ይሰላል። ልጆች ላይ ደግሞ የአዋቂዎች ወሰን ፈጽሞ አይሠራም፤ የልጅ ቢኤምአይ በዕድሜው ስለሚወርድና ስለሚወጣ ከዕድሜውና ከጾታው ሰንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል።

ወገብ መለካት

ቢኤምአይን የሚያግዝ ርካሽና ፈጣን ነገር ቢኖር የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። የመጨረሻዋ በእጅ የምትዳሰስ የጎድን አጥንት ታችኛ ጠርዝና የዳሌ አጥንት አናት በጎን በኩል ይፈለጋሉ፤ የሁለቱ መካከል የሚለካበት ቦታ ነው። እምብርት ወይም የሱሪ ቀበቶ ምልክት አይሆንም፤ ሆድ ሲወፍር ሁለቱም ወደ ታች ይወርዳሉና። ሜትሩ ከፊትም ከኋላም አግድም ሆኖ ቆዳውን ይነካል እንጂ አይጫነውም። ተለኪው እግሩን ገጥሞ፣ እጁን በጎኑ ለቆ ይቆማል፤ ትንፋሹን እንደ ወትሮው ሲያወጣ ይነበባል። ሆድን መሳብ የተለመደ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መለካት ይበጃል።

ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሆን የአደጋው መጠን ከፍ ይላል፤ ከ102 እና ከ88 በላይ ደግሞ በጣም ይጨምራል። ከዚህም ይበልጥ ለማስታወስ የሚቀለው ወገብ ለቁመት ሲካፈል ነው፦ ወገብ ከቁመት ግማሽ ማነስ አለበት። ቀደም ሲል ያየናቸው ባለ 92 ኪሎ ሰዎች በዚህ ሲለኩ አንደኛው 0.48፣ ሁለተኛው 0.61 ሆነው ይለያያሉ፤ ቢኤምአዩ «ጤናማ» ያለው ባለ 60 ኪሎውም 0.54 ሆኖ ይገኛል። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ ከ2022 ጀምሮ ቢኤምአያቸው ከ35 በታች ለሆኑ ይህን ልኬት አብሮ መውሰድን ይመክራል።

በእግር በሚቆሙባቸው ሚዛኖች የሚነበበው የስብ መቶኛ ግን በጥንቃቄ ይታይ። መሣሪያው የሚለካው ስብን ሳይሆን ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ የሚያጋጥመውን ተቃውሞ ነው፤ ውሃ መጠጣት፣ ላብና ምግብ ንባቡን ይቀይሩታል። ዴክሳ የሚባለው የራጅ ምርመራ ይበልጥ ትክክል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የሚዳረስ ግን አይደለም።

ከሞት አደጋ ጋር ያለው ዝምድና

በ2009 የወጣ፣ ወደ 900,000 አዋቂዎችን ያካተተ ትንታኔ ዝቅተኛው የሞት መጠን ከ22.5 እስከ 25 ባለው መካከል መሆኑን፣ ቢኤምአያቸው ከ30 እስከ 35 የሆነ ሰዎች ዕድሜ ከ2 እስከ 4 ዓመት፣ ከ40 እስከ 45 የሆነባቸው ዕድሜ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ዓመት እንደሚያጥር አሳየ። በ2013 ደግሞ ከ25 እስከ 30 ያሉት ከጤናማዎቹ በጥቂቱ ያነሰ የሞት መጠን እንዳላቸው የሚያሳይ ሌላ ትንታኔ ወጥቶ ብዙ ክርክር አስነሳ። የክርክሩ ቁልፍ ማጨስና ሕመም ናቸው፤ ሁለቱም ሰውን ያከሳሉ፣ ሁለቱም ይገድላሉ፤ ስለዚህ ቀጭኖቹ መካከል አስቀድመው የታመሙ ይበዛሉ። በ2016 ያላጨሱትንና ነባር ሕመም የሌላቸውን ብቻ ለይቶ ያየ ትልቅ ትንታኔ ዝቅተኛውን አደጋ መልሶ ከ20 እስከ 25 አስቀመጠው።

በሕክምና ሥራ ላይ

የአሜሪካ የሐኪሞች ማኅበር በ2023 ቢኤምአይ ከሌሎች ልኬቶች ጋር ካልሆነ ብቻውን እንዳይሠራበት አቋም ወስዷል። በ2025 መጀመሪያ የወጣው ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሪፖርት ደግሞ ከ40 በላይ ካልሆነ በቀር የስብ ብዛት በወገብ ልኬት ወይም በቀጥታ ምርመራ እንዲረጋገጥ፣ ከዚያም አካልን መጉዳት የጀመረው ውፍረት ገና ካልጀመረው ተለይቶ እንዲታከም ሐሳብ አቅርቧል። ይህ ተገቢ አቅጣጫ ነው። መድኃኒትና ቀዶ ሕክምና የሚፈቀዱት አሁንም በአብዛኛው በቢኤምአይ ወሰን ስለሆነ፣ በአንድ ነጥብ ማነስ ሕክምና የሚከለከል፣ በአንድ ነጥብ መብለጥም የማያስፈልገው የሚታዘዝለት ሰው አለ።

ስለዚህ ቁጥሩ ከ23 በላይ ከሆነ ወገብ ይለካ፤ ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ ካለፈ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ የደም ቅባትና የጉበት ምርመራ ይከተል። ከ23 በታችም ቢሆን ሆዱ ብቻ ወደ ፊት የገፋ ሰው አይታለፍ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ሳይፈልጉ የሚመጣ ለውጥ ነው። 1.75 ሜትር የሆነ፣ 95 ኪሎ የነበረ ሰው በ6 ወር 84 ኪሎ ቢሆን ቢኤምአዩ ከ31 ወደ 27.4 ይወርዳል፤ ካርዱ ላይ መሻሻል ይመስላል። ሰውየው ምግቡንም እንቅስቃሴውንም ካልቀየረ ግን የጠፋው ከክብደቱ 11 በመቶ በላይ ነው። ሳይታሰብ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ከክብደት 5 በመቶና ከዚያ በላይ መቀነስ ራሱን የቻለ የሕመም ምልክት ስለሆነ የስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ፣ የሳንባ ነቀርሳና የካንሰር ምርመራ ይገባዋል።