ሳንባ ላይ የተዛመተ ካንሰርን በሙቀት ማከም፦ ለጎጃም አንባቢ

ከጡት፣ ከትልቁ አንጀት፣ ከኩላሊት ወይም ከአጥንት የተነሳ ካንሰር ብዙ ጊዜ ሳንባ ላይ ይዛመታል። እንዲህ ያለውን እጢ ለማከም ካሉት መንገዶች አንዱ እዚያው ባለበት በሙቀት መግደል ነው። ደረት አይከፈትም። ሐኪሙ በሲቲ ስካን እያየ ቀጭን መርፌ በጎድን አጥንቶች መሃል ያስገባል፤ ጫፉ እጢው ውስጥ ሲደርስ ይሞቃል። በገጠራችን በጋለ ብረት መተኮስ የለመደ ሰው ሁለቱን እንዳያምታታ፦ ያኛው ቆዳ ያቆስላል እንጂ ሳንባ ውስጥ ያለ እጢ ጋ አይደርስም።

በሳንባ እጢ ላይ ስለተደረገው የዚህ ዓይነት የሙቀት ሕክምና የመጀመሪያው ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ወጣ፤ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዶክተር ዴሚየን ዱፑይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ያለው መረጃ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይ ሐኪሞች የ566 ታማሚዎችን ውጤት አሳተሙ። የታከሙት እጢዎች 1037 ነበሩ፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ቁጥሩ ደስ ይላል፤ ግን ለሕክምናው የሚመቹ ሰዎች ተመርጠው የገቡበት መሆኑ አይረሳ።

ሙቀቱ በዋናነት በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ ራዲዮፍሪኩዌንሲ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው፤ ታማሚው ጭን ላይ ኤሌክትሪኩን የሚመልስ ፓድ ይለጠፋል። ሌላው ማይክሮዌቭ ነው፤ ፓድ አያስፈልገውም፣ ቶሎም ያሞቃል። ሴል ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወዲያው ይሞታል። ከ100 ዲግሪ በጣም ካለፈ ግን ሥጋው ያርራል፣ እንፋሎትም ይፈጠራል፤ ያኔ በተለይ ራዲዮፍሪኩዌንሲው ወደ ውጭ መዝለቅ ያቅተዋል። ሳንባ አየር የሞላበት ስለሆነ እጢውን እንደ ጋቢ ከቦ ሙቀቱን ያቆይለታል። ችግሩ ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ሲሆን ነው፤ የሚፈሰው ደም ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ያሉ ሴሎችም ሊተርፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ እጢውን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውንም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያቃጥላል።

ለሁሉም አይሆንም። የሚመረጠው እጢዎቹ ጥቂት ሲሆኑ፣ እያንዳንዱም ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ፣ የመነሻው ካንሰርም በቁጥጥር ሥር ሲውል ነው። ሳንባው በእጢ ከተሞላ መርፌ ምንም አይፈይድም፤ ያኔ ነገሩ የኬሞ ወይም የሌላ መድኃኒት ነው።

ከቀዶ ሕክምና ይሻላል ወይ የሚለው ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣ ፐልሚክ የተባለ ጥናት፣ ከአንጀት ወደ ሳንባ የተዛመተን እጢ ቀዶ ማውጣት ራሱ ዕድሜ ማራዘሙን አላረጋገጠም፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር ግን አነስተኛ ነበር። በመርፌ መታከም ጤናማውን ሳንባ መቆጠቡ ግን አያጠራጥርም። እጢው ተመልሶ ቢመጣም መድገም ይቻላል።

ዋናው ጉዳቱ አየር ከሳንባ አምልጦ ደረት ውስጥ መጠራቀሙ ነው። ብዙ ጊዜ በራሱ ይድናል፤ አንዳንዱ ቱቦ ያስፈልገዋል። ደም መትፋትና ለጥቂት ቀን ማተኮስም ያጋጥማል።

ወደ ጎጃም ስንመጣ፣ የቢቸና ወይም የሞጣ ታማሚ መንገዱ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ይጀምራል። ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ስንቱን ሕዝብ የተሸከሙ ሆስፒታሎቻችን ናቸው። ከዚያ በላይ ሪፈር የሚባል አባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። እዚህ ሳለ ግን አንድ ነገር መጣራት አለበት፦ ሳንባ ላይ የታየ ነጠብጣብ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቲቢ በበዛበት አገር ቁስሉ ከእጢ ጋር ሊመሳሰል ይችላል፤ ስለዚህ ከመቃጠሉ በፊት ናሙና ተወስዶ ቢመረመር ይመረጣል። ሪፈር የተባለ ሰው የሲቲውን ሲዲና የናሙናውን ውጤት ይዞ ይሂድ፤ ወረቀት ብቻ ይዞ የሄደ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ሊጀምር ይችላል።

ከሕክምናው በኋላ በተወሰኑ ወራት ልዩነት ሲቲ ይነሳል። የመጀመሪያው ምስል ላይ የተቃጠለው ቦታ ከእጢው ሰፍቶ ይታያል። ቤተሰብ «አደገ እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። ዙሪያው አብሮ ስለተቃጠለ ነው፤ በቀጣዮቹ ወራት እየጠበበ ጠባሳ ይሆናል። ከጠበበ በኋላ መልሶ መስፋት ከጀመረ ግን ሐኪሙ ጋ ቶሎ መመለስ ነው።